«ቀላል ጥይት» ምን ማለት ነው? ስለ ማግነም ሽጉጥ የአረር ክብደት አሰያየም

ለሙያ ቃላት ስያሜ ሥራ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ «ለዚህ ባዕድ ቃል አማርኛው ምንድን ነው?» በሚል መልክ ይመጣሉ። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ቋንቋው ቃል የጎደለው ይመስላል። ነገር ግን ችግሩ የቃል እጦት ሳይሆን አንዱ ቃል የብዙዎችን ሸክም መሸከሙ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይኸውም «ጥይት» የሚለው ስም፥ ከእርሱም ጋር «ቀላል» እና «ከባድ» የሚሉት ቅጽሎች በትርጉም ሥራ ላይ የሚያስከትሉት መደናገር ነው።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያመጣው ረቂቅ ነው። ይህ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚኖር ተርጓሚ ሲሆን፥ የጦር መሣሪያ ነክ ማስረጃዎችን ለሚመረምሩ ሠልጣኞች ማንበቢያ ይሆን ዘንድ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ተሰጥቶታል። ከምዕራፎቹ አንዱ ባዶ የሽጉጥ ቀለህ እንደገና ተሞልቶ ጥይት ሲሆን በተለይም ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ ሽጉጥ የሚመረጠው አረር ምን ያህል መመዘን እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። በረቂቁ ላይ በአንድ ገጽ ውስጥ የሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሰፍረው አገኘሁ፤ «ቀላል ጥይት ብዙ ባሩድ ይቀበላል» እና «ቀላል ጥይት ጥቂት ባሩድ የያዘ ነው»።

ተርጓሚው አልተሳሳተም ለማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛው ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ስሕተቱ በመጀመሪያው ላይ ቀላል የተባለው ወደ ዒላማው የሚወረወረው ብረት፥ በሁለተኛው ላይ ቀላል የተባለው ደግሞ የሙሌቱ ኃይል መሆኑ በአማርኛው ውስጥ መጥፋቱ ነው። የአማርኛውን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሠልጣኝ እርስ በርሱ የሚቃረን ትምህርት ተሰጥቶታል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ቢያምን፥ ያመነውም በተሳሳተው ቦታ ላይ ቢሆን፥ ውጤቱ በፈተና ላይ ነጥብ ማጣት ብቻ አይሆንም፤ ሽጉጥ በሰው እጅ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት የነገሩን አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። አንድ የሽጉጥ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከናስ የሚሠራው ቀለህ ነው፤ ሌሎቹን በአንድነት ይይዛል። ሁለተኛው በቀለሁ መቀመጫ ላይ የሚገጠመው፥ ምቱን ተቀብሎ እሳት የሚሰጠው ትንሽ ቆብ ነው። ሦስተኛው ባሩድ ነው። አራተኛው በቀለሁ አፍ ላይ ተጠብቆ የሚቀመጠውና ሲተኮስ ወጥቶ የሚሄደው፥ ከእርሳስ ወይም መዳብ ከለበሰ እርሳስ የሚሠራው ክፍል ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ቀለሁ አይጠፋም፤ አዲስ ቆብ፥ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ቢሰጠው እንደገና ሊያገለግል ይችላል። የምዕራፉም ጉዳይ ይህ ነው።

ማግነም የሚለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን «ታላቅ» ማለት ነው። ከጦር መሣሪያ በፊት ከተለመደው መጠን እጥፍ ለሚይዝ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ 0.357 ኢንች ማግነም ሽጉጡን ባወጣ ጊዜ ስሙ ወደ ሽጉጥ ተሻገረ። የዚህ ጥይት ቀለህ ከእርሱ በፊት ከነበረውና 38 ስፔሻል ከሚባለው ቀለህ የሚረዝመው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዐላማውም ኃይለኛው ጥይት በደካማው ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ለመከልከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ 44 ማግነም ተከተለ። ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ቢኖር እነዚህ ቁጥሮች ስም እንጂ ልክ አለመሆናቸው ነው። 38 የተባለው ጥይት አረር ስፋቱ 0.357 ኢንች ሲሆን፥ 44 የተባለው 0.429 ኢንች ወይም 10.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ስሙን ወደ ሚሊ ሜትር «መተርጎም» ስም መለወጥ እንጂ መተርጎም አይደለም።

አሁን ወደ ክብደት እንመለስ። ለ0.357 ማግነም በሰፊው የሚሠራባቸው አረሮች 125፥ 140፥ 158 እና 180 ግሬን የሚመዝኑ ናቸው፤ ለ44 ማግነም ደግሞ 240 ግሬን የሚመዝነው የተለመደ ነው። አረሩ በከበደ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የግፊቱ ብርታት ጎልቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በቀለለ መጠን ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። ስፋቱ አንድ ሆኖ የከበደ አረር የግድ ረዘም ይላል፤ ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ለባሩዱ የሚቀረው ስፍራ ይጠባል። በዚያ ላይ የከበደው ነገር በቀላሉ አይገፋምና ጋዙ መውጫ እስኪያገኝ በቀለሁ ውስጥ ያለው ግፊት ያይላል። ስለዚህም ነው የሙሌት ሠንጠረዦች በአረር ክብደት የሚከፈሉት። ለ125 ግሬን አረር የተፈቀደው የባሩድ ልክ ለ158 ግሬን አረር ቢሰጥ ግፊቱ ሽጉጡ ሊችለው ከሚገባው በላይ ሊሆን ይችላል። በረቂቁ ላይ ያየናቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አደገኛ የሚሆኑት በዚህ ቦታ ነው።

ምርጫውን የሚወስኑ ሌሎችም ነገሮች አሉ። ሽጉጥ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ የከበደው አረር ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አፈሙዙ ይበልጥ ከተነሣ በኋላ ይለቃል፤ በዚህም ምክንያት በዒላማው ላይ ከቀላሉ ከፍ ብሎ ይመታል። ቀላል አረር ከብዙ ባሩድ ጋር ሲተኮስ ደግሞ ትኩስ ጋዙና ያልነደደው ባሩድ የአፈሙዙን የኋላ መግቢያ ቶሎ ይበላዋል። ስድስት ጎራሽ በሆነው ተሽከርካሪ ሽጉጥ ላይ ብቻ የሚታይ አንድ ችግርም አለ። አንዱ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመታል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች ቀለሆች ከሽጉጡ ጋር ወደ ኋላ ሲሄዱ በውስጣቸው ያሉት አረሮች ባሉበት ለመቅረት ይታገላሉ። የቀለሁ አፍ በደንብ ካልጠበቀ አረሩ ወደፊት ይንፏቀቅና ተሽከርካሪው ክፍል እንዳይዞር ይቀረቅረዋል። አረሩ በከበደ መጠን ይህ ያይላል። እንግዲህ «የጥይቱ ክብደት» የሚለውን ሐረግ ስንጽፍ ይህ ሁሉ የተመሠረተው በማን ክብደት ላይ እንደሆነ አንባቢው ያውቃልን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከተማሪዬ ጋር ከተወያየን በኋላ ቃሉን ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከእጅ ሙያተኞችም እንጠይቅ ብለን፥ በአቃቂ የቶርኖ ሥራ ሲሠሩ ኖረው በጡረታ ላይ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድን። አካባቢው ለዚህ ዐይነት ጥያቄ የተመቸ ነው። በባቡር መሥመሩና በወንዙ አጠገብ ፋብሪካዎችና የብረታ ብረት መሥሪያዎች ስለ በዙበት፥ ቶርኖ፥ ሞርሳ፥ ሊማ፥ ትራፓኖ የሚሉት ከጣሊያንኛ የገቡ የሙያ ቃላት ከአማርኛው ጋር ተዋሕደው ዕለት ተዕለት ሲነገሩ ይሰማሉ። አዛውንቱ ጥይት የመሥራት ሙያ የላቸውም፤ ነገር ግን አባታቸው በ1928 ዓ.ም. የዘመቱ አርበኛ ስለ ነበሩ የውጅግራ ቀለህ በዝናር ላይ ተደርድሮ እያዩ አድገዋል።

ተማሪዬ «ጋሼ፥ ተተኩሶ የሚሄደውን ምን ይሉታል? ጥይት ነው የሚባለው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የለም ልጄ፤ ጥይት ስትል ሙሉው ነው» አሉት። «የሚሄድብህ አረሩ ነው፤ የሚቀርልህ ቀለሁ ነው።»

እኔም ከዚህ የተሻለ ብያኔ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ሙሉው፥ የሚሄደውና የሚቀረው በሦስት ቃላት ተለይተዋል። ለቀለሁ መቀመጫ ደግሞ ያለ አንዳች እፍረት «ቂጡ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። አማርኛ ለዕቃ የሰውን የአካል ስም መስጠት የለመደ ቋንቋ ነውና የቀለህ አፍና የቀለህ ወገብ ማለትም እንግዳ አይሆንም። በመደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን «መቀመጫ» ብንል የሚከፋ አይመስለኝም።

ይህ ልዩነት በቋንቋው ውስጥ የነበረ ለመሆኑ የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በአፈሙዝ በሚጎረሰው ጠመንጃ ዘመን ተኳሹ ባሩዱን ለብቻ፥ አረሩን ለብቻ ያስገባ ስለ ነበር ሁለቱን በየስማቸው ሳይጠራ ሊሠራ አይችልም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ሲመጡ ግን አረርና ባሩድ በአንድ ቀለህ ተጠቃልለው ተዘጋጅተው ቀረቡ። ሕዝቡ የጠመንጃዎቹን ስም በራሱ አንደበት አለዝቦ ተቀበለ፤ የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፥ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፥ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር»፥ የቤልጂጉ «በልጅግ» ተባለ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ውጅግራ በሠራዊቱ እጅ በብዛት ይገኝ ነበር። ጥይቱ ከዚያም አልፎ በአንዳንድ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚገዛው፥ የሚቆጥረውና የሚሸጠው ሙሉውን ጥይት ስለ ነበር፥ «ጥይት» የሚለው ስም በንግግር ላይ ገኖ የክፍሎቹን ስም እንደ ሸፈነ መገመት ይቻላል። ዛሬ «ጥይቱ ትከሻውን መታው» ስንል የመታው አረሩ ብቻ መሆኑን አናስብም፤ በዕለት ንግግርም ማሰብ አያስፈልገንም። የሙሌት ሠንጠረዥ ሲተረጎም ግን ያስፈልገናል።

«አረር» በሚለው ቃል ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው ቃሉ የቀረርቶና የፉከራ ቃል ሆኗል፤ ለሳይንስ ጽሑፍ አይስማማም የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ምክንያት አይመስለኝም፤ ቃል በግጥም ውስጥ መኖሩ ሕያው ለመሆኑ ማስረጃ ነውና። ሁለተኛው በሥራ ቦታ የሚነገረው «እርሳስ» አይሻልም ወይ? የሚል ነው። «እርሳስ» የማዕድኑ ስም ነው፤ መጻፊያውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ከዚህም በላይ ከመዳብ ብቻ የተሠሩ አረሮች ዛሬ ስላሉ «የመዳብ እርሳስ» ለማለት እንገደዳለን። ስለዚህ «አረር» ይመረጣል። አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት በቋንቋው ውስጥ ያለውን ማንሣት የስያሜ ሥራ የመጀመሪያ ደንብ ነው።

ሁለተኛው የመደናገር ምንጭ የመለኪያው ስም ነው። ግሬን የእንግሊዞች ጥንታዊ የክብደት መለኪያ ሲሆን መነሻው የእህል ቅንጣት ነው። አንድ ግሬን 64.79891 ሚሊ ግራም ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ 15.43 ያህል ግሬን፥ በአንድ ፓውንድ ውስጥ ደግሞ 7000 ግሬን ይገኛል። በላቲን ፊደል ሲያጥር «ጂ» እና «አር» በሚሉት ሁለት ፊደላት ስለሚጻፍ፥ የግራም ምልክት ደግሞ ብቻውን የቆመ «ጂ» ስለሆነ፥ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ባየሁት ረቂቅ ላይ «158 ግራም» የሚል ተጽፎ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን አንዱ የሽጉጥ አረር ከስድስት ውጅግራ አረሮች በላይ ይመዝን ነበር፤ የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል ነበርና። ትክክለኛው 10.24 ግራም ነው። በዚሁ ስሌት 125 ግሬን 8.10፥ 180 ግሬን 11.66፥ 240 ግሬን ደግሞ 15.55 ግራም ይሆናል። አገራችን የለመደችው የሜትር ሥርዓት ስለሆነ ተርጓሚው ግሬኑን እንዳለ ጽፎ ግራሙን በጎኑ ቢያኖር ይበጃል፤ ግሬኑን አጥፍቶ ግራሙን ብቻ መጻፍ ግን ሠንጠረዡን ከምንጩ ጋር ማመሳከር ያስቸግራል።

«ግሬን»ን «ቅንጣት» ብለን ብንተረጉመውስ? ቃሉ ያምራል፤ መነሻውንም ይገልጻል። ነገር ግን ባሩድ ራሱ ቅንጣት ቅንጣት የሆነ ነገር ነው። «አሥር ቅንጣት ባሩድ» ቢባል አንባቢው ፍሬውን ሊቆጥር ይነሣል። ስለዚህ «ቅንጣት» ለባሩዱ ፍሬ ይቆይ፤ መለኪያው «ግሬን» በሚለው የውሰት ስሙ ይጠራ፤ ሲያጥርም «ግሬ.» ይባል እንጂ «ግ.» ወይም «ግራ.» አይባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ግሱ ነው። አማርኛ ጠመንጃን ያጎርሳል፤ ጠመንጃውም ይጎርሳል። ይህ ውብ አነጋገር የጥይቱን ወደ መሣሪያው መግባት ያመለክታል። እንግሊዝኛ ግን ሽጉጡን ማጉረስንም ቀለሁን በባሩድና በአረር መሙላትንም በአንድ ግስ ይጠራል። «ጥይቱን እንደገና አጎረሰ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሽጉጡን ዳግመኛ ለመተኮስ አዘጋጀ ማለቱ ነው እንጂ ቀለህ ሞላ ማለቱ አይሆንም። ስለዚህ ለመሣሪያው «ማጉረስ»፥ ለቀለሁ «መሙላት» እንበል። ከዚሁም «ሙሌት» የሚለው ስም ይገኛል፤ ይኸውም የአንድ ጥይት የአረር፥ የባሩድና የእሳት ሰጪው ቆብ ቅንጅት ነው።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ጥይት፤ አራቱን ክፍሎች በአንድነት የያዘ፥ ለመጉረስ የተዘጋጀ ሙሉ ዕቃ።

አረር፤ ከጥይት ክፍሎች ሲተኮስ በአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው።

ቀለህ፤ ሌሎቹን ክፍሎች የሚይዝና ከተተኮሰ በኋላ የሚቀር የናስ ወይም የሌላ ብረት ዕቃ። «ቀለሃ» የሚለውም አነጋገር በሰፊው ስለሚሰማ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቢመለከት መልካም ነው።

ለኳሽ፤ በቀለህ መቀመጫ ላይ የሚገጠም፥ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ቆብ። ይህ «ለኰሰ» ከሚለው ግስ የወጣ አዲስ ሐሳብ ስለሆነ የአንባብያን አስተያየት በተለይ ይፈለጋል።

የባሩድ ልክ፤ በአንድ ቀለህ ውስጥ የሚገባ የባሩድ ክብደት።

ሙሌት፤ የአንድ ጥይት ሙሉ ቅንጅት። የባሩድ ልኩ ዝቅ ሲል «ለዘብተኛ ሙሌት»፥ ከፍ ሲል «ብርቱ ሙሌት» ይባላል።

የአረር ክብደት፤ በግሬን ወይም በግራም የሚለካ የአረሩ ብቻ ክብደት። «የጥይት ክብደት» የሚለው ሐረግ ለሙሉው ጥይት ብቻ ይጠበቅ።

ከእነዚህም ጋር «ቀላል ጥይት» እና «ከባድ ጥይት» የሚሉትን ሐረጎች ከሙያ ጽሑፍ ማስወጣት የሚገባ ይመስለኛል። «ቀላል» የክብደትም የኃይልም የችግርም ማነስ ነው። «ከባድ» ደግሞ «ከባድ መሣሪያ» ከሚለው የጦር ሠራዊት አነጋገር ጋር ተያይዞ መድፍን ያሳስባል። ክብደት የአረሩ ነውና «ቀላል አረር» ይባል፤ ኃይል የሙሌቱ ነውና «ለዘብተኛ ሙሌት» ይባል። የተማሪዬ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በዚህ ደንብ ሲታረሙ እንዲህ ሆኑ፤ «ቀላል አረር ብዙ ባሩድ ይቀበላል» እና «ለዘብተኛ ሙሌት ጥቂት ባሩድ የያዘ ነው»። ቅራኔው ጠፋ፤ ለዚህም አንድም ባዕድ ቃል አላስፈለገንም።

ምናልባት ይህን ያህል ትንታኔ ለአንድ የባዕድ አገር የሽጉጥ ጥይት ምን ያደርጋል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቃላቱ የሚያስፈልጉት ለጥይት ሞዪ ብቻ አለመሆናቸው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ፖሊስ፥ ዐቃቤ ሕግ፥ ዳኛና የጉምሩክ ሠራተኛ ስለ ጥይት በአማርኛ ይጽፋሉ። «በስፍራው ሦስት ጥይቶች ተገኝተዋል» የሚል ሪፖርት ሦስት ያልተተኮሱ ጥይቶች ማለቱ ነው? ሦስት ባዶ ቀለሆች ማለቱ ነው? ወይስ ከግድግዳ ላይ የወጡ ሦስት አረሮች ማለቱ ነው? የመጀመሪያው የመሣሪያ ይዞታ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ተኳሹ የት እንደ ቆመ፥ ሦስተኛው ወዴት እንደ ተኮሰ የሚያመለክት ማስረጃ ነው። በእነዚህ መካከል ባለው ልዩነት ሰው ሊታሰር ወይም ነጻ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ የአቃቂው አዛውንት በአንድ ትንፋሽ የለዩትን እኛ በጽሑፋችን ልንቀላቅለው አይገባንም። ከላይ በቀረቡት ስያሜዎች ላይ፥ በተለይም በየአካባቢው ለጥይት ክፍሎች በሚነገሩ ሌሎች ስሞች ላይ አስተያየት ያላቸው የቋንቋ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን በሚቀጥለው የስያሜ ውይይት ላይ እናቀርበዋለን።